ዝለት ወይስ ድባቴ? ሠራተኛ ወላጆች ላይ የሚደራረቡት ሁለት ችግሮች

«በርንአውት» የሚለው ቃል በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከሥልጠና አዳራሽ ወጥቶ የዕለት ተዕለት ንግግር ሆኗል። ሐዋሳ ውስጥ የባንክ ሠራተኛው፣ መምህሯ፣ አዳር ተረኛዋ ነርስ ይሉታል። «ዲፕሬሽን ይዞኛል» የሚለውም እንደዚያው በቀላሉ ከአፍ ይወጣል። ቃላቱ እየተቀያየሩ መነገራቸው ብቻውን ብዙም ባልጎዳ ነበር። ችግር የሚመጣው ሰው በሰማው ቃል ላይ ተመርኩዞ ሲወስን ነው። ድባቴ የያዛት እናት «ሥራው ነው ያዛለሽ» ትባልና ሥራዋን ትለቃለች። ከወር በኋላ ደመወዙም፣ ከቤት የምትወጣበት ምክንያትም የለም፤ ሕመሙ ግን እዚያው አለ። በሥራ የዛለ አባት ደግሞ የድባቴ መድኃኒት ይታዘዝለትና በሳምንት ስድስት ቀን ከነትርፍ ሰዓቱ መሥራቱን ይቀጥላል። በመጨረሻም «መድኃኒቱ አልሠራልኝም» ብሎ ያቋርጠዋል።

ሁለቱንም በድካም መጠን ለመለየት መሞከር አያዋጣም፤ ድካም በሁለቱም ላይ ከባድ ሊሆን ይችላል። የተሻለው መለያ ጫናው ለጊዜው ሲነሳ በሰውየው ላይ የሚታየው ለውጥ ነው። ልጅ የሚያሳድግ ሠራተኛ ግን ጫናው የሚነሳበት ሰዓት ስለሌለው ይህ መለያ ሳይፈተን ይቀራል። ግራ መጋባቱ በወላጆች ላይ የሚብሰውም ለዚህ ነው።

ስሞቹ የሚያመለክቱት

በርንአውት፣ የሥራ ዝለት ብንለው ያስኬዳል፣ በሽታ ተብሎ አልተመዘገበም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከጥር 2022 ጀምሮ ሥራ ላይ ባዋለው 11ኛው ዓለም አቀፍ የበሽታዎች ምደባ ውስጥ «ከሥራ ጋር የተያያዘ ክስተት» ተብሎ ተቀምጧል። ሦስት ምልክቶች አሉት፦ የጉልበት መሟጠጥ፣ ከሥራው በልብ መራቅ ወይም በሥራው ላይ ምሬት ማሳደር፣ እንዲሁም «ብሠራም ውጤት የለኝም» የሚል ስሜት። ምደባው ቃሉ ከሥራ ውጭ ላለ የሕይወት ክፍል እንዳይውልም ያሳስባል። እ.ኤ.አ. በ1974 ኸርበርት ፍሮይደንበርገር ቃሉን ወደ ሥነ ልቦና ጽሑፎች ካስገባው በኋላ፣ ክርስቲና ማስላክ የምትባል ተመራማሪ ከባልደረባዋ ጋር በ1981 መለኪያ አዘጋጅታለታለች። ማስላክና ማይክል ላይተር መነሻዎቹን በስድስት ይመድቧቸዋል፦ የሥራ ብዛት፣ በራስ ሥራ ላይ የመወሰን ዕድል ማጣት፣ ከልፋት ጋር የማይመጣጠን ዋጋ፣ የባልደረባ ድጋፍ መላላት፣ አድልዎ፣ የሚያምኑበትን ነገር የሚጻረር ሥራ። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ብቻ ያስባል። በልብስ ስፌት መስመር ላይ ታርጌቷን የምትሞላ ሠራተኛ የምትዝለው በቁርጡ ብዛት ብቻ አይደለም፤ ሽንት ቤት ለመሄድ ሱፐርቫይዘር ማስፈቀዷም በራሱ ያዝላል።

ድባቴ፣ በተለምዶ ድብርት ወይም ዲፕሬሽን የሚባለው፣ በሽታ ነው። በምርመራ መስፈርቱ መሠረት ቢያንስ ለሁለት ሳምንት፣ አብዛኛውን ቀን፣ በየቀኑ ማለት ይቻላል፣ ቢያንስ አምስት ምልክቶች መታየት አለባቸው። ከአምስቱ አንዱ ደግሞ የግድ የስሜት መጨለም ወይም ፍላጎትና ደስታ ማጣት መሆን ይኖርበታል። የቀሩት የእንቅልፍና የምግብ ፍላጎት መዛባት፣ ድካም፣ ትኩረት ማጣት፣ የሰውነት መንቀርፈፍ ወይም መቁነጥነጥ፣ የከንቱነት ወይም ያለልክ የሆነ የጥፋተኝነት ስሜት፣ ተስፋ መቁረጥ እና ሞትን ማሰብ ናቸው። በዓለም ዙሪያ ከአዋቂዎች 5 በመቶ ያህሉን እንደሚይዝ የዓለም ጤና ድርጅት ይገምታል፤ ከወንዶች ይልቅ ሴቶች ላይ ይበዛል።

ሦስተኛም አለ፤ በውይይታችን ውስጥ ብዙ አይነሳም። ኢዛቤል ሮስካም እና ሞይራ ሚኮላይቻክ የተባሉ የቤልጂየም ተመራማሪዎች «የወላጅነት ዝለት» ብለው ያጠኑት ነው። በልጅ ማሳደግ ተግባር መሟጠጥ፣ «ድሮ እንዲህ ዓይነት እናት አልነበርኩም» የሚል ንጽጽር፣ በወላጅነት መሰላቸት እና ከልጅ በስሜት መራቅ ምልክቶቹ ናቸው። እንዲህ ያለው ሰው ልጆቹን ያበላል፣ ያለብሳል፣ ትምህርት ቤት ያደርሳል፤ ከዚያ ያለፈ ነገር ግን ከውስጡ አይወጣም። ሥራ ቦታ ደህና ሆኖ ሊውል ይችላል፤ የሚከብደው ወደ ቤት መግባት ነው። ተመራማሪዎቹ ይህ ዝለት ልጅን ቸል ከማለትና ከመምታት ጋር እንደሚያያዝ፣ «ሁሉንም ትቼ በጠፋሁ» ከሚል ሐሳብ ጋርም እንደሚመጣ አሳይተዋል። ስለዚህ «በሽታ አይደለም» ማለት «አደጋ የለውም» ማለት አይደለም።

ሐዋሳ ላይ ምን ይደራረባል

የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ሲመረቅ ከሲዳማ ገጠርና ከአጎራባች አካባቢዎች በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ወጣቶችን፣ በአብዛኛው ሴቶችን፣ ወደ ከተማዋ ስቧል። ያኔ በ18 እና በ20 ዓመታቸው የገቡት ዛሬ ልጅ የሚያሳድጉበት ዕድሜ ላይ ናቸው። እ.ኤ.አ. በጥር 2022 ኢትዮጵያ ከአጎዋ፣ ማለትም ወደ አሜሪካ ከቀረጥ ነፃ ከመላክ የንግድ ዕድል፣ መሰረዟ በፓርኩ ሥራ ላይ ስጋት ጨመረ። የውጭ ምንዛሪ ለውጡ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ደግሞ የኑሮ ውድነቱ ደመወዝተኛውን ሁሉ ነክቷል፤ መምህሩንም፣ የጤና ባለሙያውንም።

የወላጅነት ዝለት የሚመጣው ልጅ ማሳደግ የሚጠይቀው ለረጅም ጊዜ በእጅ ካለው አቅም ሲበልጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 ውጤቱ የታተመ በ42 አገሮች የተደረገ ጥናት ችግሩ ግለኝነት በሚያይልባቸው አገሮች እንደሚበዛ አሳይቷል። ይህን ይዞ «እንግዲህ እኛ ጋ የለም» ማለት ግን ቸኩሎ መደምደም ይሆናል። ልጅን የሚያሳድገው ዘመድና ጎረቤት ሲሆን የሚገኘው ጥበቃ አብሮ ከሚኖር ሰው የሚገኝ ነው። አያቲቱ ገጠር፣ ልጅቷ ሐዋሳ በኪራይ ቤት ከሆኑ፣ ጥበቃው ገጠር ቀርቷል። ዕድሩ ለሐዘን ይደርሳል፤ ልጅ ትኩሳት ሲይዘውና እናት የማታ ሺፍት ሲኖርባት የሚደርስ ግን ሌላ ሰው ይፈልጋል። የሞግዚት ክፍያ ከሠራተኛዋ ደመወዝ ጋር ሲቀራረብ ደግሞ ብዙዎች ልጁን ወደ ገጠር ይልኩታል። ይህ ድካሙን ይቀንሳል፤ ናፍቆትና ጥፋተኝነት ግን ይተካል፤ እነዚህ ሁለቱ ለድባቴ ቅርብ ናቸው።

ከሁሉ በላይ የዕረፍት ቀን የሚባለው ቀን ዕረፍት አይደለም። እሑድ ልብስ ይታጠባል፣ እንጀራ ይጋገራል፣ አምልኮ አለ፣ ለቅሶ አለ፣ ገበያ አለ። ሰኞ ጠዋት «አርፌ እንኳ አልለቀቀኝም፤ ስለዚህ ይህ ዲፕሬሽን ነው» የምትል እናት ያላረፈችበትን ቀን እንደ ማስረጃ እየቆጠረች ነው።

ልዩነቱ የሚታይባቸው ቦታዎች

ከሁሉም አስቀድሞ መታየት ያለበት ደስታ ነው። ጉልበትና ደስታ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ አንድ ላይ «ደክሞኛል» በሚለው ቃል ስለሚሸፈኑ ይደባለቃሉ። የዛለ ወላጅ ልጁ ሮጦ ሲያቅፈው ለማንሳት ጉልበት ላይኖረው ይችላል፤ ደስታው ግን ይሰማዋል። ከጓደኛው ጋር ቡና ሲጠጣ፣ ኳስ ሲያይ፣ መዝሙር ሲሰማ ይፍታታል። ድባቴ ውስጥ ያለ ሰው ልጁን ያነሳዋል፤ ነገር ግን ምንም አይሰማውም። ብዙዎች «ልቤ ደንዝዟል» ይሉታል። ይህ መደንዘዝ ሥራን ብቻ ሳይሆን ጸሎትን፣ ወዳጅነትን፣ የትዳር ፍቅርን፣ ምግብን ሁሉ ካዳረሰ ሚዛኑ ወደ ድባቴ ያጋድላል።

እንቅልፍ ሁለተኛው ነው። የዛለ ሰው ዕድል ካገኘ ይተኛል፤ ሰርቪስ ውስጥ፣ ወንበር ላይ፣ ልጁን እያስተኛ እሱ ቀድሞ። በድባቴ ግን ዕድሉ እያለ እንቅልፍ አይመጣም፤ ወይም ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተነቅቶ በዚያው ይነጋል። ከወትሮው ሁለት ሰዓትና ከዚያ በላይ ቀድሞ መንቃት፣ ጠዋት ከማታ ይልቅ ስሜቱ መክበዱ፣ ባለሙያ በትኩረት የሚጠይቃቸው ምልክቶች ናቸው። አራስ ወይም ጨቅላ ላላት እናት አንድ ጥያቄ ብዙ ይለያል፦ ሕፃኑ ተኝቶ፣ ሌላ ሰው እየጠበቀውም ቢሆን፣ እሷ መተኛት ትችላለች? ካልቻለች ምክንያቱ የሕፃኑ ለቅሶ ብቻ አይደለም።

ሦስተኛው ጥፋተኝነት የሚያርፍበት ቦታ ነው። ዝለት ላይ ያለች እናት «ዛሬ ልጄ ላይ ጮህኩ» ብላ ታዝናለች፤ ያዘነችው በሠራችው ነገር ነው። በድባቴ ፍርዱ በማንነት ላይ ይወርዳል፦ «እኔ እናት አይደለሁም»፣ «ለልጆቼ ሸክም ነኝ»፣ «ባልኖር ይሻላቸው ነበር»። የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር እንደ ምሬት የሚታለፍ አይደለም። እንዲህ የሚል ሰው በዚያው ቀን ባለሙያ ማየት አለበት፤ ብቻውን መተው የለበትም፤ ቤት ውስጥ ያሉ መድኃኒቶችና የተባይ ማጥፊያ ኬሚካሎች ከእጁ መራቅ አለባቸው። «ራስህን ለማጥፋት አስበህ ታውቃለህ?» ብሎ በቀጥታ መጠየቅ ሐሳቡን አያስገባበትም፤ ብዙ ጊዜ ያቀልለታል።

አካልም ይናገራል። በእኛ አገር ድባቴ ወደ ጤና ጣቢያ የሚመጣው በስሙ አይደለም፤ «ራሴን ያመኛል»፣ «ሰውነቴን ያቃጥለኛል»፣ «ልቤ ይመታል»፣ «ሐሳብ ይበዛብኛል» ተብሎ ነው። የዛለ ሰውም ወገቡንና ራሱን ያመዋል፤ የእሱ ሕመም ግን ብዙውን ጊዜ ሰዓት አለው፣ ከሺፍቱ ጋር ይጨምራል፣ ከሺፍቱ ጋር ይቀንሳል። ወንዶች ላይ ደግሞ ድባቴ በሐዘን ፋንታ በቁጣ፣ በመጠጥ፣ ከቤት ውጭ በማምሸት ይታያል። «ጠባዩ ተበላሸ» ተብለው የሚታለፉ አባቶች ጥቂት አይመስሉንም።

እነዚህ መለያዎች ሁሉ ልዩ ሁኔታ አላቸው። አንዳንድ ድባቴ በጥሩ ዜና ለጊዜው ይፈካል፤ ስለዚህ አንድ አስደሳች ከሰዓት በኋላ ድባቴ አለመኖሩን አያረጋግጥም። ለሁለቱም የደም ምርመራ የለም። መለያው ከአንድ ምልክት ሳይሆን ከምልክቶቹ ድምር ነው የሚገኘው።

የሁለት ሳምንት ምዝገባ

ለመለየት የሚረዳ፣ ደብተርና እስክሪብቶ ብቻ የሚፈልግ ዘዴ አለ። ለ14 ቀናት፣ በቀን ሦስት ጊዜ (እንደተነሱ፣ ከሥራ እንደወጡ፣ ከመተኛት በፊት) ሁለት ቁጥሮች ይጻፋሉ፤ አንዱ ጉልበት፣ አንዱ ደስታ ወይም ፍላጎት፤ እያንዳንዱ ከ0 እስከ 10። ከጎኑ የተኙበት ሰዓት፣ የነቁበት ሰዓት፣ እና የቀሰቀሰው ልጅ ይሁን ራሱ እንቅልፉ ይመዘገባል። ጫት ወይም መጠጥ የተወሰደበት ቀን ምልክት ይደረግበታል። ሴቶች የወር አበባ ቀናቸውን ቢያክሉ ይጠቅማል።

በእነዚህ ቀናት ውስጥ ቢያንስ ሁለት ጊዜ፣ ከአምስት ሰዓት ያላነሰ እውነተኛ ዕረፍት መዘጋጀት አለበት። እውነተኛ የምንለው የሥራ ስልክ የተዘጋበት፣ ልጆቹም በሌላ አዋቂ እጅ የሆኑበት ነው። ባል፣ እህት፣ የምትታመን ጎረቤት፣ ወይም ልጅ በመጠበቅ የሚለዋወጡ ሁለት እናቶች ይህን መሸፈን ይችላሉ። የመጀመሪያውን በእንቅልፍ፣ ሁለተኛውን ድሮ ደስ ይል በነበረ ነገር ማሳለፍ ይመከራል፤ ወደ ሐይቁ ወርዶ መናፈስም ይሁን ዘመድ መጠየቅ። አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው ሁለቱንም በእንቅልፍ ሲያሳልፋቸው ነው፤ ያኔ ጉልበት እንጂ ደስታ አይፈተንም።

ሲነበብ እንዲህ ነው። ጉልበቱ ዝቅ ብሎ ደስታው በዕረፍቱ ከፍ ካለ ጫናው ነው። ከሁለቱ ጫናዎች የትኛው እንደሆነም ይታያል፦ ቁጥሩ ሥራ ቦታ ወድቆ ቤት የሚነሳ ከሆነ የሥራ ዝለት፣ በተቃራኒው ከሆነ የወላጅነት ዝለት። ደስታው 14ቱንም ቀን፣ በዕረፍቱም ጭምር፣ ከ0 እስከ 3 ባለው ውስጥ ተኝቶ ከቀረ ወይም ጠዋት ጠዋት ከወደቀ ደብተሩን ይዞ ወደ ሕክምና መሄድ ይገባል። ይህ ምርመራ አይደለም፤ ለሐኪሙ የሚቀርብ መረጃ ነው። የሞት ሐሳብ ያለበት ሰው ደግሞ 14 ቀን መጠበቅ የለበትም።

ዘጠኙ ጥያቄዎችና የወላጅ ነጥብ

በጤና ተቋማትም በኢንተርኔትም በስፋት የሚገኘው መጠይቅ ፒኤችኪው-9 ይባላል። ዘጠኝ ጥያቄዎች አሉት፤ እያንዳንዱ ባለፉት ሁለት ሳምንታት ምልክቱ ስንት ጊዜ እንደታየ ከ0 እስከ 3 ይሰጠዋል፤ ድምሩ ከ27 ነው። ከ5 ጀምሮ ቀላል፣ ከ10 መካከለኛ፣ ከ15 ከመካከለኛ ከፍ ያለ፣ ከ20 ከባድ ተብሎ ይመደባል። በኢትዮጵያም ተፈትሿል። በአዲስ አበባ አንድ ትልቅ ሆስፒታል ተመላላሽ ታካሚዎች ላይ 10 ተስማሚ መቁረጫ (ድባቴ የሚጠረጠርበት መነሻ ነጥብ) ሆኖ ሲገኝ፣ በጉራጌ ሶዶ ወረዳ ጤና ጣቢያዎች ግን 5 የተሻለ ሆኗል። ያው ቁጥር በተለያየ ቦታ የተለያየ ትርጉም ይኖረዋል ማለት ነው።

ወላጆች ላይ ሌላም ችግር አለ። ከዘጠኙ አራቱ፣ ማለትም እንቅልፍ፣ ድካም፣ ምግብና ትኩረት፣ ጨቅላ ያለው ሰው ሁሉ የሚያሟላቸው ናቸው። አራቱ ብቻቸውን እስከ 12 ነጥብ ይሰጣሉ። አንዲት እናት ምንም የስሜት መጨለም ሳይኖርባት ከ10 ልታልፍ ትችላለች። በተቃራኒው 8 ብቻ ያገኘ አባት ነጥቡ የመጣው ከደስታ ማጣት፣ ከከንቱነትና ከሞት ሐሳብ ከሆነ ከእሷ በላይ ያሰጋል። ስለዚህ ከድምሩ በፊት ጥያቄ 1 (ፍላጎት ማጣት)፣ 2 (የስሜት መጨለም)፣ 6 (የከንቱነት ስሜት) እና 9 (ሞት ወይም ራስን መጉዳት) ይታዩ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ብቻ ተደምረው 3 ከሞሉ ባለሙያ ማነጋገር ተገቢ ነው። ዘጠነኛው ከ0 በላይ ከሆነ የሌሎቹ ድምር ምንም ቢሆን ክትትል ያስፈልጋል።

ባለሙያዎች ራሳቸው አልተስማሙም

ሬንዞ ቢያንኪና ኢርቪን ሾንፌልድ የተባሉ ተመራማሪዎች ዝለት ራሱን የቻለ ነገር አይደለም፣ ከሥራ የመጣ ድባቴ ነው ብለው ለዓመታት ተከራክረዋል። ዋና ማስረጃቸው በዝለት መለኪያ ውስጥ ያለው «መሟጠጥ» ከሌሎቹ የዝለት ክፍሎች ይልቅ ከድባቴ ምልክቶች ጋር ጠበቅ ብሎ መያያዙ ነው። በሌላ ወገን እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ የጥናቶች ድምር ትንተና ግንኙነቱ ጠንካራ ቢሆንም ሁለቱ አንድ እንዳልሆኑ ደምድሟል። የማስላክ ወገን ደግሞ ሌላ ስጋት ያነሳል፦ ዝለትን በሽታ ብንለው ጥፋቱ ከሥራ ቦታው ወርዶ በሠራተኛው ላይ ይጫናል፤ ፋብሪካው ታርጌቱን ሳይነካ ሠራተኛዋ ክኒን ትውጣለች።

ሁለቱም ወገን የሚያየው እውነት አለ። ለአንድ ወላጅ የሚጠቅመው ግን ከክርክሩ የሚወጣው ተግባራዊ ነጥብ ነው፦ ከባድ ዝለት ወራት ሲያስቆጥር ወደ ድባቴ ሊሻገር ስለሚችል «ዝለት ብቻ ነው» የሚለው ብያኔ በየጥቂት ሳምንቱ መታደስ አለበት።

የሃይማኖት ጉዳይም አለ። በከተማዋ ብዙዎች መጀመሪያ የሚሄዱት ወደ ጠበል፣ ወደ ጸሎት ቤት ወይም ወደ ሼኩ ነው። ይህ ድጋፍ ነው፤ ብቸኝነትን ይሰብራል፣ ተስፋ ይሰጣል። ጉዳት የሚሆነው መድኃኒት እንዲቋረጥ ሲታዘዝ ወይም ሕመሙ የእምነት ማነስ ነው ሲባል ነው፤ ያኔ ድባቴው በሚያመጣው ጥፋተኝነት ላይ ሌላ ጥፋተኝነት ይጨመራል። ሁለቱን ጎን ለጎን ማስኬድ ይቻላል።

ከሁለቱም ያልሆነ ድካም

ድባቴም ዝለትም ከመባሉ በፊት ጤና ጣቢያ ላይ መታየት ያለባቸው ነገሮች አሉ። ከወሊድ በኋላ የደም ማነስ፣ የእንቅርት ዕጢ ሆርሞን ማነስ (ይህ ራሱ ድባቴ ይመስላል)፣ ስኳር፣ ቲቢ፣ አዲስ እርግዝና። ሐዋሳ የወባ አካባቢ ስለሆነች የሚደጋገም ድካምና ትኩሳት ሲኖር የወባ ምርመራም አይዘለልም። ጫት ለብቻው መነሳት አለበት፦ ምርቃናው ሲወርድ የሚመጣው መጫጫን፣ እንቅልፍ ማጣትና ንጭንጭ ቁርጥ ድባቴን ይመስላል፤ እውነተኛ ድባቴንም ያባብሳል። አዘውትሮ የሚቅም ሰው ለጥቂት ሳምንታት አቁሞ ካልታየ መለየቱ አስቸጋሪ ነው።

ሌላው ተደብቆ የሚያልፈው የስሜት መዋዠቅ ሕመም ነው። ቀድሞ ለቀናት ያህል እንቅልፍ ሳያስፈልገው ያለልክ ንቁ፣ ለፍላፊ፣ ገንዘብ በታኝ የሆነበት ጊዜ የነበረ ሰው ይህን ለሐኪሙ መናገር አለበት። የድባቴ መድኃኒት ብቻውን ሲሰጠው ወደዚያ ጫፍ ሊገፋው ይችላል።

ምክሩ ተቃራኒ የሚሆንበት ቦታ

ለዝለት የሚበጀው ጫናን መቀነስ ነው። የዓመት ፈቃድ ይጠቅማል፤ ሰውየው ወደዚያው ሁኔታ ከተመለሰ ግን ጥቅሙ በጥቂት ሳምንታት እንደሚተን ጥናቶች በተደጋጋሚ አሳይተዋል። ስለዚህ ፈቃዱ ለእንቅልፍ ብቻ ሳይሆን ከሥራና ከቤት አንድ አንድ ነገር በቋሚነት ለመቀየር መዋል አለበት፦ የማታ ሺፍት መለወጥ፣ ትርፍ ሰዓትን መገደብ፣ ባል ልጆቹን የሚያስተኛበትን ሦስት ምሽት መወሰን። «እረዳሻለሁ» የሚል አጠቃላይ ቃል ብዙ አይዘልቅም፤ ቀንና ሰዓት የተሰጠው ተግባር ይዘልቃል።

ለድባቴ ግን «ተኚ፣ ዕረፊ፣ ከሰው ራቂ» የሚለው ምክር ይጎዳል። ከቤት አለመውጣት ደስታ የሚገኝባቸውን አጋጣሚዎች ይቀንሳል፤ አጋጣሚው ሲቀንስ ስሜቱ ይወርዳል፤ ስሜቱ ሲወርድ መውጣቱ ይበልጥ ይከብዳል። ከንግግር ሕክምናዎች አንዱ ይህን ዙር የሚሰብረው ትንንሽ ተግባራትን በሰዓት ይዞ፣ ፍላጎት እስኪመጣ ሳይጠብቅ በማሠራት ነው። በቀን 15 ደቂቃ የእግር ጉዞ መነሻ ሊሆን ይችላል። መድኃኒት ከታዘዘ ለውጡ የሚታየው ከ4 እስከ 6 ሳምንት ባለው ጊዜ ነው፤ የማቅለሽለሽና የመቁነጥነጥ ስሜቱ ግን በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሊመጣ ይችላል። ብዙ ሰው የሚያቋርጠው እዚህ ላይ ነው፤ ጉዳቱን አይቶ ጥቅሙን ሳያይ። ምልክቶቹ ከጠፉ በኋላም ቢያንስ ለ9 ወራት ይቀጥላል፤ የሚቆመውም በሐኪም ክትትል ቀስ በቀስ ነው። የምታጠባ እናት ማጥባቷን ቀድማ ትናገር፤ የመድኃኒቱ ምርጫ ይለያያል፤ ጡት ማስጣል የግድ አይደለም።

መነሻው ቅርብ ያለው ጤና ጣቢያ ነው፤ የአእምሮ ጤና ነርስ ካለ ወደ እሱ ይመራሉ። ከዚያ በላይ ሲያስፈልግ በከተማዋ በተለምዶ «ሪፈራል» የሚባለው የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው። የምርመራው ጊዜ አጭር ስለሆነ በራስ ምታት መጀመር የማስታገሻ ክኒን ይዞ ለመውጣት ያጋልጣል። «ከሁለት ሳምንት በላይ ሆኖኛል፣ ምንም ነገር ደስ አይለኝም፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት እነቃለሁ» ብሎ መጀመር ምርመራውን ወደ ትክክለኛው አቅጣጫ ይወስደዋል።

ሕጉ ምን ይላል

በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሚተዳደር ሠራተኛ የሚያገኘው ፈቃድ እንደ ችግሩ ዓይነት ይለያል። ዝለት በበሽታነት ስላልተመደበ ለእሱ የሚሆነው የዓመት ፈቃድ ነው፤ በመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀናት ሆኖ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመራል። ድባቴ ግን እንደማንኛውም ሕመም የሕመም ፈቃድ ያሰጣል። የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ በ12 ወር ውስጥ እስከ 6 ወር ሊያገኝ ይችላል፤ የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት በግማሽ፣ የመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ያለ ክፍያ። መንግሥት ከሚያውቀው የጤና ተቋም ማስረጃ ማምጣትና ከሥራ በቀሩ ማግስት ለአሠሪው ማሳወቅ ይጠይቃል። ድባቴ ውስጥ ያለ ሰው የሚሰናከለው ብዙውን ጊዜ እዚህ ነው፤ ስልክ ማንሳት ይከብደዋል፣ ቀናት ያልፋሉ፣ መቅረቱ እንደ ጥፋት ይቆጠርበታል። ማሳወቁን የትዳር ጓደኛ ወይም ወንድም ቢሠራለት ሥራው ይተርፋል።

አዋጁ መደበኛ ሥራን በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ላይ ይገድባል፤ ትርፍ ሰዓት በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት መብለጥ የለበትም። ነፍሰ ጡር ሠራተኛ በትርፍ ሰዓትም በሌሊት ሥራም አትመደብም። የወሊድ ፈቃዱ ከመውለድ በፊት 30፣ ከወለዱ በኋላ 90 ቀን ነው፤ ለአባት 3 ቀን። ሦስት ቀን ለዚህ ሁሉ እጅግ ያንሳል፤ እናቲቱ ይበልጥ እርዳታ በምትፈልግባቸው ሳምንታት አባትየው ሥራ ላይ ነው። በዚህ ረገድ አዋጁ መሻሻል አለበት ብለን እናምናለን።

ሁለቱ አብረው ሲገኙ

ብዙ ወላጆች ላይ የሚታየው ንጹሕ ዝለት ወይም ንጹሕ ድባቴ አይደለም። እንዲህ ሲሆን ቅደም ተከተሉ ለውጥ ያመጣል። መጀመሪያ ድባቴው ይታከማል፤ ምክንያቱም በሕመሙ ውስጥ የሚወሰድ ውሳኔ፣ ሥራ መልቀቅም ሆነ ትዳር መፍታት፣ በጨለመው ስሜት የተቃኘ ይሆናል። እንዲህ ያሉ ውሳኔዎች የሚቻል ከሆነ ሕክምናው ከተጀመረ ሁለት ወር እስኪያልፈው ይዘግዩ። አስገዳጅ ሁኔታ ግን ይለያል፤ በሥራ ቦታ ጾታዊ ትንኮሳ ወይም በቤት ውስጥ ዱላ ካለ ከዚያ መውጣት አይዘገይም።

ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ መጠይቁ እንደገና ይሞላል። ነጥቡ ቢያንስ በግማሽ ካልቀነሰ ሐኪሙ መጠኑን፣ መድኃኒቱን ወይም ምርመራውን ራሱን እንደገና ያያል። ደስታው ተመልሶ ጉልበቱ ብቻ ከቀረ ግን መድኃኒት መጨመር ሳይሆን ወደ ጫናው መሄድ ነው። ወደ ሥራ ሲመለሱ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ያለ ትርፍ ሰዓትና ያለ አዳር እንዲሆኑ አስቀድሞ በጽሑፍ መጠየቅ፣ በቤትም በዚያው ሳምንት አዲስ ኃላፊነት አለመጨመር ያስፈልጋል። የ14 ቀኑ ምዝገባም በወሩ መጨረሻ አንድ ጊዜ ይደገማል፤ አሁን የሚታየው የደስታው ቁጥር ከሥራ መጀመር በኋላ ወደ 3 እና ከዚያ በታች መውረድ አለመውረዱ ነው፤ ከወረደ ቀጠሮው ሳይደርስ ተመልሶ መታየት ያስፈልጋል።